በስድስት ሰዓት የጎደለው መድኃኒት

ሐሙስ፣ የካቲት 19 ቀን፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ላይ፣ ባሕር ዳር ውስጥ የተሠራው የመጀመሪያው የምስል መድኃኒት በአንዲት ታካሚ ክንድ ተወጋ። በክፍሉ ውስጥ አራት ሰዎች ነበሩ፤ ሐኪሟ፣ መድኃኒቱን ያዘጋጀው ታከለ፣ ታካሚዋ፣ የሬዲዮ ጋዜጠኛዋ ሰሚራ። እኔ አልነበርሁም። ፋሲሎ ክፍለ ከተማ ባለው ቤቴ ሬዲዮ ከፍቼ ዜናውን እጠብቅ ነበር።

ጡረታ ከወጣሁ ሰባት ሳምንት ሆኖኛል። ከዚያ በፊት ይህንን ዜና ዘጠኝ ዓመት ተከትዬዋለሁ። ሰባት ሳምንት ቢፈጥን የእኔ ይሆን ነበር። ሰሚራ አነበበችው፤ ቀናሁባት። መጀመሪያ «ተቆጨሁ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሰረዝሁት። ቁጭት የራስን ነገር ማጣት ነው። የእኔ ግን የሰውን ነገር አይቶ መቃጠል ነበር።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ይህ መድኃኒት በሽታ አያድንም፤ በሽታ ያሳያል። ደም ሥር ውስጥ ሲገባ የታመመው ቦታ ሄዶ ይሰበሰባል፤ እዚያ ሆኖ ትንሽ ጨረር ይረጫል፤ ካሜራው ያንን ጨረር ለቅሞ ሥዕል ያወጣል። ችግሩ መድኃኒቱ አይቀመጥም። ብታቀዘቅዘውም፣ ብትቆልፍበትም ሰዓቱን ቆጥሮ ያልቃል። ዛሬ ባሕር ዳር የሚሠራው ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ግማሹ ይሄዳል። ድሮ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ይመጣልን የነበረው ደግሞ በስድስት ሰዓት ግማሽ ይሆናል። መድኃኒቱን ከሩቅ የሚያስመጣ ከተማ መንገድ ላይ ያልጠፋውን ነው የሚጠቀመው። ባሕር ዳር የራሷ ማምረቻ ያስፈለጋት ለዚህ ነው።

ጋዜጠኝነት የጀመርሁት ወረታ ነው፤ ስለ ሩዝና ስለ ጎርፍ እዘግብ ነበር። ከዚያ ወደ ባሕር ዳር ተዛወርሁ፤ መጀመሪያ የፋብሪካ ወሬ፣ ቀጥሎ የሐይቁ ጀልባዎች፣ በመጨረሻ የጤና ዜና ተሰጠኝ። ስለ ደመወዙ የምለው የለኝም፤ በሰዓቱ ይገባ ነበር። አለቆቼ ብዙ ናቸው። አንዱ ዜና ከማንበቡ በፊት ርዝመቱን በስንዝር ይለካ ነበር፤ ሌላው ሁሉም ዜና ውስጥ «በይፋ» የሚል ቃል ካልገባ አይፈርምም። ሥራ ያስተማሩኝ ግን አቶ ይበልጣል ናቸው። አሁን በሕይወት የሉም።

አቶ ይበልጣል የዜና ክፍሉ ኃላፊ ነበሩ። እርሳሳቸውን በክር ከሸሚዛቸው ቁልፍ ጋር ያስሩታል፤ «እርሳስ የጠፋው ጋዜጠኛ ፈጠራ ይጀምራል» ይሉ ነበር። ማስታወሻ ደብተራችንን በሦስት ዓምድ እንድንከፍል አስገደዱን፤ ያየሁት፣ የሰማሁት፣ ያነበብሁት። በሦስተኛው ዓምድ ብቻ ያለ ነገር አየር ላይ አይወጣም፤ አይተህ ወይ ከሰው አፍ ሰምተህ ወደ ሌላው ዓምድ ማሻገር አለብህ። ሰዓት የያዘ ዜና ስናመጣላቸው ደግሞ ቁጥሩን አያዩትም።

«ፀሐይዋ በየት በኩል ነበረች?» ይላሉ።

«ወደ ጢስ አባይ በኩል፣ ገና እየወጣች።»

«እንግዲያው ጠዋት ነው። ጻፍ።»

ይህን የሚሉበት ምክንያት አላቸው። ገበሬውም ነጋዴውም ሰዓት የሚቆጥረው ከፀሐይ መውጣት ጀምሮ ነው። የአየር መንገድና የሆስፒታል ሰው ደግሞ በወረቀት ላይ የፈረንጁን ሰዓት ይጽፋል። በሁለቱ መካከል ስድስት ሰዓት አለ። ወረቀት ላይ ያለ ቁጥር የማን እንደሆነ አይናገርም፤ ፀሐይ ግን አንድ ናት።

ሁለተኛው ሕጋቸው አጭር ነበር፤ ስህተት በወጣበት ሰዓት ይመለሳል። በጠዋት ዜና የተሳሳትኸውን በማታ ዜና ሹልክ አድርገህ አታርምም፤ የሰማው ሰው በሰማበት ሰዓት ይስማው።

ሰሚራ ወደ ጣቢያችን የመጣችው ከሰባት ዓመት በፊት ነው። አባቷ ወረታ ውስጥ እህል ነጋዴ ናቸው። ልጅቷ ሚዛን ሲነበብ እያየች ስላደገች ነው መሰል፣ የሚነገራትን ቁጥር ሁሉ ሁለት ጊዜ ትጠይቃለች። ያን ጊዜ መድኃኒቱ በየሐሙሱ በጠዋቱ በረራ፣ ጨረር በማያሳልፍ፣ እርሳስ በሚሉት ከባድ ብረት በተሠራ ዕቃ ታሽጎ ይመጣ ነበር። ታከለ ይቀበለዋል፣ ይለካዋል፣ ለቀጠሮዎቹ ያከፋፍለዋል። ክፍሉ ውስጥ ገብቼ ሥራውን ለመቅዳት ሁለት ዓመት ጠይቄያለሁ። አንድ ረቡዕ ጠዋት ታከለ ከዕለቱ ዝግጅት ጀምሮ እንድንቀዳ ፈቀደ፤ ግን አንድ ሰው ብቻ።

በዚያው ጠዋት የዜና ክፍሉ ስብሰባ ላይ አስቀድሜ መቅረጫዬን ይዤ ነበር። አቶ ይበልጣል ስለ መድኃኒቱ እንዳስረዳ ጠየቁኝ፤ አስረዳሁ። ሰሚራ እጇን አወጣች።

«ጋሽ ደሳለኝ፣ መድኃኒቱ ሲያልቅ ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ይጠፋል አልሁ እኮ።»

«እሺ፣ ወዴት?»

ሰው ሳቀ። አቶ ይበልጣል አልሳቁም። «ሰሚራ ትሂድ» አሉ። «እሷ ጥያቄ አላት። አንተ መልስ ነው ያለህ።»

ሥራ ከያዘች ሁለት ወሯ ነበር። መቅረጫውን ከእጄ ወስደው ሰጧት። ባትሪውን የሞላሁት እኔ ነኝ።

እኔ የስምንት ሰዓቱን ዜና እንዳዘጋጅ ቢሮ ቀረሁ። ሰባት ሰዓት ከአርባ ላይ ከሆስፒታሉ ወረቀት መጣ፤ የነገውን የአጥንት ምስል ቀጠሮ ለሩቅ አገር ታካሚዎች በሬዲዮ እንድናሰማ የሚጠይቅ ነው። «ሐሙስ 10:00» ይላል። የታከለ ፊርማ አለበት። የሆስፒታል ወረቀት እንደሆነ አውቃለሁ። የሆስፒታል ወረቀት የማን ሰዓት እንደሚጽፍም አውቃለሁ። ደግሞ አንዳንዱ የካርድ ክፍል ሠራተኛ በአገር ቤት ሰዓት እንደሚጽፍ አይቻለሁ። ስለዚህ መጠየቅ ነበረብኝ። ታከለ ሥራ ላይ ስልክ አያነሳም። አጠገቡ ያለችው ሰሚራ ናት፤ ስልኳ ክፍት ነው።

ስልኩን አነሳሁ። «ጋሽ ደሳለኝ ሰዓት ጠፍቶበት ደወለልኝ» ስትል በዓይነ ሕሊናዬ ታየኝ። ስልኩን አስቀመጥሁት። «ነገ ሐሙስ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት» ብዬ ጻፍሁ፤ በስምንት ሰዓት ዜና ተነበበ።

በማግስቱ የሆነው ይህ ነው። ዘጠኝ ሰው ተቀጥሯል። ሦስቱ የከተማ ሰዎች ስለነበሩ በስልክ ተነግሯቸው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ተገኙ፤ የፈረንጁ አሥር ማለት ነው። ስድስቱ ከከተማ ውጪ ነበሩ፤ የሰሙት በሬዲዮ ነው። ታከለ ሦስቱን ወግቶ፣ የቀረውን በእርሳስ ዕቃው ውስጥ አድርጎ በር በሩን እያየ ጠበቀ። ስድስቱ ከዘጠኝ ሰዓት ተኩል ጀምሮ አንድ አንድ እያሉ ደረሱ። አሥር ሰዓት ላይ ታከለ መልሶ ለካው። ለስድስት ሰው የተቀመጠው ለሦስት ሰው ሆኖ ነበር። መድኃኒቱ በስድስት ሰዓት ግማሽ ይሆናል፤ እኔም የሳትሁት ስድስት ሰዓት ነው። ልኩ አንድ ሆኖ ተገኘ።

እኔም ስለ ቀጠሮው ልዘግብ እዚያው ኮሪደር ላይ ነበርሁ። ታከለ ጓንቱን ሳያወልቅ ወጣ። ድምፁን አልጨመረም።

«መድኃኒቱ ጠዋት እዚህ ነበር፤ እናንተ አልነበራችሁም። አሁን እናንተ አላችሁ፤ መድኃኒቱ ሄዷል። ሦስት ሰው ብቻ።»

መጨረሻ የደረሱት ከእንፍራንዝ የመጡት ወይዘሮ ዝማም ነበሩ። የጡት ካንሰር ታማሚ ናቸው፤ ሐኪሙ ቀዶ ጥገናውን ከመወሰኑ በፊት በሽታው አጥንታቸው ውስጥ መግባት አለመግባቱን ማየት ፈልጎ ነው የላካቸው። ባለቤታቸው አብረዋቸው ነበሩ።

«በሬዲዮ የተባለውን ሰዓት ይዘን ነው የመጣን፣ ልጄ» አሉት ወይዘሮ ዝማም ለታከለ። «እንዲያውም ቀድመናል። ስንደርስ አሥር አልሞላም ነበር።»

ታከለ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ነህ የጻፍኸው?»

«ወረቀትህ አሥር ይላል» አልሁት።

«ይላል» ብሎ ገባ።

ወይዘሮ ዝማም ለሚቀጥለው ሐሙስ ተቀጠሩ። የሚቀጥለው ሐሙስ በረራ አልነበረም። ከዚያ መንገድ ተዘጋ። ምስሉን የተነሡት ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ በሽታው አጥንት ውስጥ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ቢነሡ ይድኑ ነበር ለማለት ማስረጃ የለኝም፤ ሐኪሙም እንዲህ አላለኝም። ከሁለት ዓመት በኋላ ለሌላ ሥራ እንፍራንዝ ሄጄ ቤታቸውን ጠየቅሁ። ባለቤታቸውን ደጃፍ ላይ ነጭ ሽንኩርት እየጎነጎኑ አገኘኋቸው። ወይዘሮ ዝማም ካለፉ ዓመት ሆኗል አሉኝ። «ቀጠሮ አክባሪ ነበረች» አሉ። ከየትኛው ጣቢያ እንደመጣሁ ነገርኋቸው፤ ማን እንደሆንሁ አልነገርኋቸውም።

ወደዚያ ሳምንት ልመለስ። ዓርብ ዕለት ማስተካከያ መውጣት ነበረበት፤ የጻፍሁት እኔ ነኝ። «ከሆስፒታሉ በተላከ መረጃ ላይ በተፈጠረ የሰዓት አለመግባባት» ይላል። ማን እንደፈጠረው አይልም፤ የሚሰማ ሰው ግን ሆስፒታሉ ነው ብሎ ይሄዳል። አቶ ይበልጣል ወረቀቱን ያዙት።

«ፀሐይዋ በየት በኩል ነበረች?» አሉ።

«ወረቀቱ አሥር ይላል።»

«እሱን አልጠየቅሁህም።»

ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አድርገው ፈረሙ። በሳምንቱ የጤና ዜናውን ለሰሚራና ለእኔ በጋራ አደረጉት። ታከለ ከሆስፒታሉ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የመድኃኒቱ ክፍል በር ለእኔ አልተከፈተም። ሰሚራ ትገባለች፤ እኔ ኮሪደር ላይ ቆሜ የወጣውን ሰው እጠይቃለሁ።

ሰባት ዓመት እንዲህ ሠራሁ። የአውሮፕላኑ ዘመን አልፎ ጄኔሬተር የሚሉት ዕቃ መጣ፤ ከመብራቱ ጄኔሬተር ጋር እንዳይምታታ የክፍሉ ሰዎች «ላሟ» ይሏታል። በየጠዋቱ የጨው ውኃ በውስጧ እያሳለፉ መድኃኒቱን ያልቧታል፤ እስከ ማግስቱ ደግሞ ታጠራቅማለች። ይህንን የማውቀው ሰሚራ ቀድታ ካመጣችው ድምፅ ነው። ጠብታው የብልቃጡን ግድግዳ ሲነካ፣ መለኪያው ሲጮህ፣ ታከለ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ሲያነብ ይሰማል። የጆሮ ማዳመጫ አድርጌ ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ጥሩ ሥራ ነው። ጥሩ ስለሆነ ነው ያቃጠለኝ።

ከዚያ ሳይክሎትሮን የሚባለው፣ መድኃኒቱን ከሥር ጀምሮ የሚሠራው ማሽን ተፈቀደ። ከሰው ቁመት የወፈረ የኮንክሪት ግድግዳ ሲሞላ አይቻለሁ፤ እሱ ከውጭ ስለሚታይ። ስንት መኪና ሲሚንቶ እንደገባ፣ መብራት ስንት ጊዜ እንደጠፋ፣ ቴክኒሻኖቹ መቼ እንደመጡ በዘጠኝ ደብተር መዝግቤያለሁ። አብዛኛው «የሰማሁት» ዓምድ ውስጥ ነው። የሰሚራ ደብተር «ያየሁት» በሚለው የተሞላ ነው፤ አንድ ቀን ጠረጴዛዋ ላይ ረስታው አይቻለሁ።

ስሰናበት ባልደረቦቼ የግድግዳ ሰዓት ሰጡኝ። ከሥሩ «ሰዓት ለማያዛባው ባልደረባችን» የሚል ተጽፎበታል። ቃሉን የመረጠችው ሰሚራ ናት። አጨበጨቡ፤ አመሰገንሁ።

ዜናው በተላለፈ ማግስት፣ ዓርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰሚራ ቤቴ መጣች። ከግሽ አባይ በባጃጅ ነው የመጣችው፤ ነጠላ ጫማዋ አቧራ ጠግቧል።

«ጋሽ ደሳለኝ፣ ሰሙት?»

«ሰምቼዋለሁ። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ረዝሟል።»

«ወላሂ ይህንን እንደሚሉኝ ለባጃጁ ልጅ ነግሬው ነው የመጣሁት።» ሳቀች። ከዚያ ከቦርሳዋ ካርድ አወጣች። «ረጅም ዝግጅት እየሠራሁ ነው፤ ከመጀመሪያው እስከ አሁን። የእርስዎ ደብተሮች ያስፈልጉኛል። ደግሞ ይህንን ይዩልኝ።»

የሆስፒታሉ የቀጠሮ ካርድ ነው። ሰዓቱ ሁለት ጊዜ ተጽፏል፤ በአገር ቤቱም በፈረንጁም። ከጎኑ በማኅተም የተመታች ትንሽ ፀሐይ አለች፤ ከተራራ በግራ በኩል ብቅ ያለች። ለከሰዓት ቀጠሮ በቀኝ በኩል የምትጠልቅ ሌላ ማኅተም እንዳለ ነገረችኝ።

«ማንበብ የማይችለውም ይገባዋል» አለች። «‹ከማን ተማርኸው?› ብዬ ታከለን ጠየቅሁት። ‹ከሰባት ዓመት በፊት አንድ ሽማግሌ ከሬዲዮ ጣቢያ መጥተው ይቅርታ ጠየቁኝ፤ ቀጠሮ ስትሰጥ ፀሐይዋን አሳያቸው አሉኝ› አለኝ። እርሳሳቸው ከሸሚዛቸው ጋር የታሰረ ነበር አለ። አቶ ይበልጣል ናቸው አይደል? ‹የምን ይቅርታ ነው?› ስለው ‹ጋሽሽን ጠይቂ› አለኝ።»

ካርዱን መልሼ ሰጠኋት። አቶ ይበልጣል ወደ ታከለ መሄዳቸውን እስከዚያች ደቂቃ አላውቅም ነበር። ማንም አልነገረኝም፤ እሳቸውም እስከ መጨረሻው አልነገሩኝም። እኔ ያልሄድሁበትን መንገድ ሄደውልኛል።

ዘጠኙ ደብተሮች በመደርደሪያዬ ላይ ነበሩ። እሷ የሌላት፣ እኔ ብቻ ያለኝ ነገር እነሱ ናቸው። አልሰጥም ብል ማንም አያስገድደኝም፤ ዝግጅቷም ያለ እነሱ ጎዶሎ ይሆናል። ይህንን አስቤዋለሁ፤ አስቤም ደስ ብሎኛል። ሦስተኛው ደብተር ውስጥ ደግሞ የዚያች ረቡዕ ገጽ አለ። «10» የሚለው ቁጥር «ያነበብሁት» በሚለው ዓምድ ብቻ ተጽፏል፤ ሌሎቹ ሁለት ዓምዶች ባዶ ናቸው። ያንን ገጽ ከሚቀጥለው ጋር በሙጫ አጣብቄዋለሁ። ካልነገርኋት አታገኘውም፤ ግድግዳዬ ላይ ያለው ሰዓትም ስሙን እንደያዘ ይቆያል።

«ሻይ ላፍላልሽ?» አልኋት።

«መልስ ፈልጌ ነው የመጣሁት፣ ጋሼ።»

«ጥያቄ መቼም አታጪም።»

ዘጠኙንም አውርጄ ጠረጴዛው ላይ ደረደርሁ። ሦስተኛውን ከላይ አደረግሁት።

«እዚህ ላይ የተጣበቀ ገጽ አለ» አልኋት። «አትቅደጂው። የፈላ ውኃ እንፋሎት ላይ ብታደርጊው ይለቃል።»

«ምን አለበት?»

«ሦስቱን ዓምድ እዪ። ጥፋቱ የታከለ ሳይሆን የእኔ እንደነበር ታገኚያለሽ። ያን ቀን መቅረጫውን አንቺ ስለያዝሽው አንቺን ላለመጠየቅ ብዬ ነው ያጠፋሁት። ይህኛው ምክንያት ደብተሩ ላይ የለም፤ ከአፌ ስሚው።»

ሰሚራ ከቦርሳዋ ደብተሯን አወጣች፤ በሦስት ዓምድ የተከፈለ ነው። «የሰማሁት» በሚለው ውስጥ ጻፈች። ከዚያ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀና አለች።

«ስልኬ ክፍት ነበር እኮ፣ ጋሽ ደሳለኝ።»

«አውቃለሁ።»

እሑድ ማታ ደወለች። ገጹ ተለያይቷል፤ ዓምዶቹን አይታለች። ማስተካከያ ጽፋለች። «በረጅሙ ዝግጅት ውስጥ ላስገባው ወይስ ለብቻው?» አለች።

«ለብቻው። ረቡዕ በስምንት ሰዓት።»

«ለምን ረቡዕ?»

«በወጣበት ሰዓት ይመለሳል።»

«እሺ» አለች። ቃሉን ታውቀዋለች፤ አቶ ይበልጣል እሷንም አስተምረዋታል። ለእኔ ብቻ ያሉት ይመስለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ዜና ላይ፣ ማስተካከያው ተነበበ። አራት ዓረፍተ ነገር ነው። ስሜ በመጀመሪያው፣ የታከለ ስም በሁለተኛው ተጠቅሷል። ሦስተኛው ሦስት ታካሚዎች ያን ቀን መድኃኒት ሳያገኙ መመለሳቸውን ይናገራል። አራተኛው ይቅርታ ነው። ሰሚራ ያነበበችው ሳትቸኩልና ሳታሳዝን ነው፤ እኔ ባነበው እንዲህ አይወጣልኝም ነበር። የግድግዳውን ሰዓት አውርጄ፣ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ፈትቼ፣ ሰዓቱን መልሼ ሰቀልሁት። ልክ ይሠራል።

ሰሚራ ከክፍሉ ሰዎች ሰምታ በማግስቱ እንደነገረችኝ፣ ዜናው ሲነበብ ታከለ ክፍሉ ውስጥ ነበር፤ ሬዲዮው ተከፍቶ ነበር፤ መድኃኒት እየለካ ስለነበር ዞር አላለም። ስልክ ቁጥሬን ሰጥታዋለች፤ በካርድ ጀርባ ጽፎ ወስዷል።

ይህንን ጽፌ እስክጨርስ፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ድረስ፣ ታከለ አልደወለም።